እስከ መሐል የሮጠው ግራ ክንፍ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ባጃጅ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ከገበያው በታች ካለው ጎሚስታ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ሌላው ሰው ልጅነቱ በምን እንደሚመጣበት አላውቅም፤ የኔ የሚመጣው በማስቲሽ ነው። የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን አንዲት የቆዳ ኳስ ነበረችው፤ ከውጭ በጠፍር የምትታሰር፣ ከውስጥ በአየር የሚነፋ የጎማ ከረጢት፣ ከመነዳሪ ያላት። ከመነዳሪው በየሳምንቱ ይተነፍሳል፣ እኛም በየሳምንቱ ተሸክመን ለጎሚስታው እንወስደዋለን። ጎሚስታው «ቻው» ብሎ ተቀብሎን «ቻው» ብሎ ይሸኘናል፤ ከጣሊያን የቀረለት ቋንቋ ይኸው ብቻ ነበር። ማስቲሹን ይቀባና፣ እፍ እፍ ብሎ ያደርቅና፣ የጎማ ቁራጭ ይለጥፍበታል። ኳሷ ከልጥፉ ብዛት የተነሳ ስትመታ ወደ ግራ ታጋድል ነበር። እኔ በረኛ ስለነበርኩ ይህን አመሏን አውቅላታለሁ፤ ከሌላ አገር የሚመጡ በረኞች ግን አያውቁምና ወደ ቀኝ ሲወድቁ ኳሷ በግራ ትገባባቸው ነበር።

ከኔም ይልቅ ኳሷን የሚያውቃት ግን ግራ ክንፋችን ከድር ነበር። «ሙጫ» እንለው ነበር፤ ኳስ እግሩ ላይ አንዴ ከያዘች አትላቀቅማ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲሄድ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ሰበር የሚያደርግ ልጅ ነው። ሰው ሁሉ ፍጥነቱን ያወራል፤ እኔ ከጎል አፍ ቆሜ ዕድሜዬን ሙሉ ስለተመለከትኩት የምናገረው ሌላ ነው። የከድር ጥበብ መቆም ነበር። ሁለት እርምጃ ፈትለክ ይልና ቀጥ ይላል። ተከላካዩ ሲቆም እሱ ይሄዳል፣ ተከላካዩ ሲሄድ እሱ ይቆማል፤ በመጨረሻ ያ ምስኪን ሰውዬ እግሩ ተጠላልፎ ቁጭ ሲል ከድር ዞር ብሎ «ተነስ ወንድሜ» ይለዋል። ጎል ካገባ በኋላ ደግሞ አይጨፍርም፤ ወደኔ ይመለከትና ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። በቃ፣ ደስታው ያቺ ናት።

ያን ጊዜ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፤ ቦምቦሊኖ ከተጨመረበት ሃያ አምስት። ሱሪያችን መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም፣ ጸጉራችን አፍሮ፣ ማበጠሪያው ከኋላ ኪሳችን ብቅ ያለ። ከማዞሪያው ጥግ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ሬዲዮኑን ጥልፍ አልብሶ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጥልፉን የሚገልጠው ለዜናና ለዘፈን ብቻ ነው። ዘፈኖቹ በጠቅላላ ስለሄደችና ስላልተመለሰች ሴት ናቸው። እኛ ገና አንዲትም ሴት ሳትሄድብን አብረን እንተክዛለን። ዛሬ እዚያ ጥግ የሞባይል ካርድ መሸጫ ቆሟል፤ ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ማንም ቆሞ አይሰማውም። ለጨዋታ ወደ አጎራባች ከተሞች ስንወጣ በኤንትሬ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ከገብስ ጆንያ ጋር ተደርድረን ነበር የምንሄደው። ሮቤ ስናሸንፍ ድንጋይ ይከተለናል፣ ስንሸነፍ ምሳ ይጋብዙናል። ጎበሳ ሜዳው ቁልቁለት ስለሆነ ከዕረፍት በፊት የሚያገባው ማን እንደሆነ በዕጣ ይታወቃል። ጢቾ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ከድር ግን ጢቾ ሲጫወት ከተሜው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይወጣ ነበር። የራሳቸውን ቡድን ልጆች ሲያስቀምጥባቸው እንኳ በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር እንጂ አይሰድቡትም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። በዚያ ሰሞን ከኛው ተራራ ሥር የተነሳ አንድ ሯጭ ከባሕር ማዶ አሸንፎ መጣና ከተማው አበደ። ልጅ ሲወለድ ወንድ ነው ሴት ናት ብሎ መጠየቅ ቀርቶ እግሩ ይረዝማል ወይ ሆነ ጥያቄው። የትምህርት ቤት ዘበኛ ሳይቀር አሠልጣኝ ሆነ። ረዥም እግር ይዞ ኳስ የሚጫወት ልጅ የአባቱን እርሻ ጦም እንዳሳደረ ሰው ይታይ ጀመር። የስፖርት ኃላፊ የነበረው ሰውዬ አንድ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ቆሞ ከድርን ሲያይ ቆየና «ይህ እግር እዚህ እየባከነ ነው» አለ። እኔ ጎሌ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። «እየባከነ» የምትለዋን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ እጠላታለሁ፤ ስሰማት ምራቄ ይመርራል። አንድ ከተማ ሥራውን አስትቶ የሚያስቅ እግር፣ ምን ቢያደርግ ነው የማይባክነው?

ኃላፊው ከድርን አስጠርቶ ጠየቀው፤ ከድር እምቢ አለ። ደግሞ አስጠራው፤ ደግሞ እምቢ አለ። ያኔ እዚህ አገር ሰው እምቢ ሲል የሚደረገው ተደረገ፤ ሽማግሌ ተላከ። አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ በፈረስ የሚሄዱ ባላባት። ሦስቱም የተከበሩ፣ ሦስቱም ኳስም ሩጫም አይተው የማያውቁ። ከድር አባቱን በልጅነቱ ነው ያጣው፤ ያሳደገችው እናቱ አዴ ፋጡማ ናት። እኔና እሱ ከጓሮ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ተቀምጠን ገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ነበር፤ ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። ሽማግሌዎቹ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። አዴ ፋጡማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ማሎ፣ እባካችሁ!» አለች።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ባላባቱ።

ወጉን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ የመጣበት ነገር እሺ ካልተባለለት አይቀመጥም፤ ባለቤቱ ደግሞ «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ከዚያ ይመልሳል። ይህ ለባለ ጢም አባወራ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሼህና ቄስ ከደጃፏ ቆመው በዝናብ ሲበሰብሱ፣ ጎረቤት ከአጥር ወዲያ እያየ፣ በምን አንደበቷ ትጠይቅ? አዴ ፋጡማ ከጎረቤቷ ጋር የአጥር ክርክር ነበረባት፤ ለሱ የመጡ መሰላት። አንድ ክንድ መሬት ነው፣ ይውሰዱት ብላ ይሆናል። «እሺ፣ እሺ፣ ይሁንላችሁ፣ ብቻ ተቀመጡ!» አለች። ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አራግፈው፣ መርቀው፣ የሚበላውን በልተው ሲጨርሱ ነው «እንግዲህ ልጁን ለሩጫ ሰጥተሽናል» ያሏት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሷ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከድር ከጎኔ ሆኖ እጁ ላይ የቀረውን ቆሎ መሬት ላይ በተነና «ሰጠችኝ» አለ።

እናቱ ለሽማግሌ የገባችውን ቃል የሚያጥፍ ልጅ እኛ ዘንድ አይወለድም፤ ስለዚህ ሄደ። አረንጓዴ ቱታ ሰጡት፣ ሸራ ጫማ ሰጡት፣ በተራራችን በጭላሎ ዳገት ከማለዳ ወፍ ጋር አስነስተው ያስሮጡት ጀመር። ቡድናችን ሊያስቀረው ይገባ ነበር የምትሉ አትድከሙ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ከዚያ አዲስ አበባ ወሰዱት፣ ከዚያ አንድ ማናጀር ተብዬ ወደ ውጭ አሳፈረው። እሱ በሄደ በስንተኛው ወር እንደሆነ እንጃ፣ ሬዲዮኑ በውጭ አገር የሚደረገውን ውድድር እንደሚያስተላልፍ ተሰማና ከተማው በሙሉ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ተሰበሰበ። ባለቤቱ ጥልፉን ገለጠ። «ከድር እየመራ ነው!» አለ ሬዲዮኑ፤ እልልታው ቀለጠ። «አሁንም ከድር!» አለ፤ ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ። ስፖርት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ከዚያ ስሙ ጠፋ። ጠበቅን፣ ጠበቅን። የሌላ ሰው ስም ይጠራል፣ የሌላ ሰው። ባለቤቱ ሬዲዮኑን በጥፊ መታው። በመጨረሻ ተናጋሪው እንደ ዋዛ «ከድር ውድድሩን አቋርጦ ወጥቷል» ብሎ አለፈ።

በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ። ከፊት፣ ከፊት፣ ከፊት፤ ከዚያ የለም። በሦስተኛው ማንም ባርኔጣ አልወረወረም፤ ስድብ ነበር የተወረወረው። «ልቡ የዶሮ ነው» አሉ። «ኳስ አበላሸው» አሉ፤ ይቺን ያለው ደግሞ ስፖርት ኃላፊው ራሱ ነው። ስለ ሩጫ የሚያውቅ አንድ ሰው በከተማው አልነበረም፤ ስለ ሩጫ የማያወራም አንድ ሰው አልነበረም። አዴ ፋጡማ ገበያ ወጥታ ቅቤ ልትሸጥ ብትቀመጥ ሴቶቹ ከአጠገቧ ቅላቸውን አንስተው ራቅ ብለው ተቀመጡ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በዝናብ ቆመው እሺ ያሰኟት ባላባትም በፈረሳቸው ሲያልፉ ፊታቸውን አዙረው አለፉ። ልጇን ወስዳችሁ፣ ስሙን አጥፍታችሁ፣ እንደገና ሰላምታችሁን ትነሷት?

ከድር ሲመጣ አውቶቡስ መናኸሪያ የተቀበልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጥሩ ጃኬት ለብሷል፣ ጸጉሩን ተቆርጧል፣ አንገቱ ግን ሰበር ማለቱን ትቷል፤ ቀጥ ብሏል። ሻይ ቤቱን አልፈን ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ባለው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተቀመጥንና ጠየቅሁት።

«ሙጫ፣ ለምንድነው የምታቋርጠው?»

ደንግጦ አየኝ። «አላቋረጥኩም እኮ! ሥራዬ ነው። አሯሯጭ ነኝ።»

«ምንድነው አሯሯጭ?»

«ከፊት ሆኜ ንፋሱን እመክትላቸዋለሁ፣ ፍጥነቱን እጠብቅላቸዋለሁ። መሐሉ ላይ ስደርስ ወደ ጎን እወጣለሁ። ሌላው ይጨርሳል። እንዲህ ብለው ነው የቀጠሩኝ።»

«አንድ ቀን እንኳ ሳትወጣ ብትቀርስ?»

«ሁለተኛ አይቀጥሩኝማ።» ከግንዱ ላይ ቅርፊት ላጠ። «ወላሂ፣ ታዬ፣ እንደ ኳስ ብታስበው… በክንፍ በኩል ሰው ሁሉ አልፌ፣ ማዕዘኑ ጋ ደርሼ፣ ልመታ ስል ኳሷን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ ማለት ነው። ሁልጊዜ። የመጨረሻውን ክር በደረቴ ነክቼው አላውቅም።»

አሯሯጭነት ነውር ነው አላልኩም፤ ሰው ወዶ ከያዘው የተከበረ ሥራ ነው። እኔን ያንገሸገሸኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ሽማግሌ፣ ይህን ሁሉ ምርቃት፣ ይህን ሁሉ «እየባከነ» አዝንበው፣ የት እንደሚወስዱት አንዱ እንኳ አልጠየቀም። ሰው በሬ ሲሸጥ እንኳ ገዢውን «ለእርሻ ነው ለእርድ?» ይላል። ነገሩን ለከተማው ላስረዳ ሞከርኩ። ሻይ ቤት ቆሜ ተናገርኩ። «ጓደኛህ ስለሆነ ነው» ብለው ሳቁብኝ፤ ስፖርት ኃላፊው ደግሞ «በረኛ ስለ ሩጫ ምን ያውቃል» አለ። እሱ ምን እንደሚያውቅ የጠየቀው አልነበረም።

ከድር ወደ ኳስ ልመለስ አለ። አንድ ቅዳሜ የድሮ ማልያውን ለብሶ ሜዳ ገባ፤ እኔ ጎሌ ውስጥ ነበርኩ። ኳሷን ሰጡት። ፈትለክ አለ፤ እግዚኦ ፍጥነት! ግን አልቆመም። መቆም ጠፋበት። ኳሷ ከእግሩ እየቀደመች ትወጣለች፣ ተከላካዮቹም እየተሳሳቁ መንገድ ይለቁለታል፤ የሚሄድበትን ያውቁታላ፣ ቀጥታ ነው። ከዕረፍት በፊት ራሱ እጁን አንስቶ ወጣ። ማልያውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠና አልፎኝ ሲሄድ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ያን ጊዜ ነው ጎሌ ውስጥ ቆሜ ያለቀስኩት። ከዚያ ወዲያ ወደ ውጭ ተመልሶ እስኪደክመው ለሌላ ሰው ሮጠ፤ ጉልበቱ ሲሰበር ወደ አገሩ መልሰው ላኩት። ጋሪ ገዝቶ በሮቤ መንገድ እህል አመላለሰ፣ አገባ፣ ወለደ፣ አዴ ፋጡማን ቀበረ። ዛሬ በከተማው መግቢያ በትልቅ ቆርቆሮ ላይ ምስሉ ከሌሎች ሯጮች ጋር ተስሎ «ጀግኖቻችን» ተብሎ ተሰቅሏል። እሱ በዚያ በኩል ማለፍ አይወድም፤ እኔም ሳየው ድንጋይ አንሳ አንሳ ይለኛል።

ወደ ጎሚስታው ልመለስ። ማስቲሹን እያሸተትኩ በዚህ ሁሉ ሐሳብ ስዋኝ አንዲት ነጭ መኪና ቆመችና ደረጀ ወረደ። ደረጀ የሯጮች ፕሮጀክት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም፣ ዘወትር ቱታ የሚለብስ፣ ቱታውን ለብሶ እስከ ሱቅ እንኳ በእግሩ ሲሄድ ያልታየ ሰው።

«ጋሽ ታዬ! እግዜር ነው ያገናኘን» አለኝ። «ነገ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱልን ነው። ኦቦ ከድር ቤት። ለልጅቷ።»

ልጅቷ ፎዚያ ናት፣ የከድር ልጅ ልጅ። ወደ ሴቶች ቡድን ምርጫ ተጠርታለች፤ በግራ ክንፍ ነው የምትጫወተው። ቅዳሜ ቅዳሜ ምርኩዜን ይዤ ሄጄ አያታለሁ፤ ፈትለክ ትልና ቀጥ ትላለች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ከአግዳሚው ላይ መነሳት አቅቶኝ ነበር።

«ገና ተማሪ አይደለችም እንዴ? ማን ሊያገባት ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «ኧረ ለጋብቻ አይደለም! ወደ ሩጫ ካምፑ እንድትገባ ነው። አንድ ማናጀር አይቷት ወዷታል። ይህን የመሰለ ታለንት ኳስ ላይ እየባከነ ነው እኮ!»

እምቢ ብዬ ልሰድበው ነበር፤ ከዚያ ከድር ብቻውን አራት ሰው ደጃፉ ላይ ሲቆምበት ታየኝና «እመጣለሁ» አልኩት። ደስ አለው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሽቶው እስከ ማታ ከጋቢዬ ላይ አልለቀቀም።

በማግስቱ ሄድን። ደረጀ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። ከድር ደጃፉ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ የማይታጠፈውን እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ቆምን። በየተራ ተመለከተን። እኔ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆየ፤ ቀስ ብዬ ጠቀስኩት።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ።

«መጀመሪያ እሺ ይበሉንና እንቀመጥ» አለ ደረጀ እየሳቀ።

«እሺ የምትለዋ ሞታለች» አለ ከድር። «እኔ ልጇ ነኝ። ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ተናገሩ። ስለ አገር ክብር፣ ስለ ባንዲራ፣ ስለ ጭላሎ አየር፣ ስለ ገብስ ጥንካሬ። ከድር አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ «እግሩ የሷ ነው፣ እሷን ጠይቁ» አለና «ፎዚያ!» ብሎ ተጣራ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሽማግሌ ልጅ ይለምናል እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ። እሷ ግን መጣች፤ ከልምምድ መመለሷ ነው፣ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ደረጀ ተቁለጨለጨ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ነገራት። ሰማችው።

«እስከ መጨረሻው ነው የምሮጠው?» አለች።

«እንዴት?»

«እስከ ክሩ ነው ወይስ እስከ መሐል?»

ደረጀ እኛን አየ። «መጀመሪያ ላይ፣ ያው፣ ልምድ እስክትወስጂ ማናጀሩ ያሰበው… በአሯሯጭነት ትጀምሪና…»

ቀሪውን አልጨረሰውም፤ ማንም እንዲጨርሰው አልጠየቀውም። ፎዚያ «አልፈልግም» አለች፣ በዕድሜ ተራ የሁላችንንም ትከሻ ሳመችና ገባች። ከድር ያን ጊዜ ወደ እኛ ዞሮ «አሁን እንግዳ ናችሁ፤ በቅቤ የታሸ ጭኮ አለ፣ ተቀመጡ» አለ። እኔ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ መኪና ውስጥ ገብተው ጥሩምባ ይነፉ ጀመር። ሦስት ጉርሻ ጎርሼ ተነሳሁ፤ ከድር ቅንድቡን ከፍ አደረገልኝ።

ደስታዬ እስከ አስፋልቱ አልደረሰም። ደረጀ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ እንደ ፍየል ነጋዴ ሌላ ቤት ያስባል። «ግድ የለም» አለ፣ «ጢቾ አንዲት ልጅ አለች፤ እግሯ ከዚችም ይረዝማል። አባቷ ሞቷል። እናቷ ደግሞ ጨዋ ናት አሉ፣ ሽማግሌ አታቆምም። ነገ ረፋድ ላይ እንሂድ። ጋሽ ታዬ፣ እርስዎም ይምጡልን፣ ሽበትዎ ግርማ አለው።»

ሽማግሌ አታቆምም። እንዲህ ነው ያለው፣ በኔ ፊት፣ ያለ አንዳች ሐፍረት። ዕድሜ ልኬን ስሸከመው የኖርኩት ሽበት ለዚህ ተፈለገ። አገር የሚያስታርቅ፣ ደም የሚያደርቅ ወግ፣ የደካማ ቤት በር መስበሪያ ሆነ። ልትፋ ነበር፤ መስኮቱ አይከፈትም። ይልቅ የሴትዮዋን ስምና ቤቷን ጠየቅሁት። ደስ ብሎት ነገረኝ፤ ዘይነባ ትባላለች፣ ከጢቾ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ።

ሳይነጋጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭላሎ በጉም ተሸፍኗል፤ ገብሱ አሽቷል፤ ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን ቃሉ አይሰማም፣ ከበሮው ብቻ ደረት ይመታል። በኤንትሬ ጀርባ ላይ እየዘፈንን ስናልፈው የነበረው መንገድ ነው። ያን ጊዜ ጫማ የሚያስቀረው የጢቾ ጭቃ ዛሬ በግማሹ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ የድሮው ሜዳ ግን የቱ ጋ እንደነበር ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም፣ ቤት ተሠርቶበታል። ጠይቄ ጠይቄ ወፍጮ ቤቱን አገኘሁ። ዘይነባ ግቢዋ ውስጥ ገብስ ታበጥራለች፤ ገና ወጣት ናት፣ አርባም አይሞላት። ጋቢ ያጣፋ፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ጢሙ የነጣ ሽማግሌ በሯ ላይ ስታይ ሰፌዷን ጥላ ወደ እኔ ሮጠች።

«አባባ! ይግቡ፣ ማሎ፣ ይቀመጡ!»

ዳገቱ ትንፋሼን ወስዶታልና መናገር አቃተኝ። በሩን ይዤ ቆምኩ። የቆምኩት ለመተንፈስ ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ግራ ቀኝ አየች፣ ጎረቤት አየች፣ ምርኩዜን አየች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እሺ አባባ፣ የፈለጉት ይሁንልዎ፣ ብቻ ይቀመጡ» አለች።

ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ አልጠየቀችም። ልጇን ሰጠችኝ፣ እዚያው፣ ገብስ ላይ ቆማ። ገብቼ አግዳሚው ላይ ወደቅሁ፤ ውሃ አመጣችልኝ። ትንፋሼ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማን ሊመጣ እንደሆነ፣ ምን ሊሉ እንደሆነ፣ ከድር ማን እንደሆነ። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝ።

«ልጅሽ መሮጥ ትወዳለች?» አልኳት።

«እንጃ አባባ፤ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ትምህርት ቤት ናት።»

«ከወደደች ትሩጥ። ግን ጠይቂያት። የሚመጡትን ደግሞ ሳትጠይቂ እሺ እንዳትይ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ሲመጣ ምን ይባላል?» አለችኝ። ልትከራከረኝ አይደለም፤ አታውቅም። ያስተማራት የለም።

«‹ምን ፈልጋችሁ ነው?› ይባላል።»

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ኡ! ለትልቅ ሰው?»

«ለትልቅ ሰው። በይው።»

«ምን… ምን ፈልጋችሁ ነው» አለች ለመሬቱ።

«ቀና ብለሽ።»

ቀና ለማለት ሞከረች። ዓይኗ ከጢሜ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ወደቀ። ደግማ አለችው፤ ቃሉ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። «ድገሚው።» ከውጭ የመኪና ሞተር ተሰማና ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆመ። በሮች ተከፈቱ፣ ተዘጉ። ደረጀ ሲስቅ ይሰማል። ዘይነባ አየችኝ፤ እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም፣ ይህ የሷ ቤት ነው። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወጣች።

«እንደምን አረፈድሽ እመቤት፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ሲል ደረጀን ሰማሁት።

እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ በበሩ በኩል ታየኝ። «እሺ» ልትል ነው ብዬ ምርኩዜን ጨበጥኩ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ፣ እኔ ሳልነግራት፣ ደገመችው።